ትንንሾቹ መንቀጥቀጦች ትልቁን አያስቀሩትም፦ የአንድ ፖስታችን እርማት

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ከአልጋው ዘሎ ተነሳ። ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖሩት በተለይ አይረሱትም። መነሻው ከከተማዋ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ነበር፤ መጠኑም በሬክተር ስኬል 5.8 ተባለ። እስኪነጋ ድረስ ኢንቦክሳችን ውስጥ የገባው መልእክት ሁሉ ሲጨመቅ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ይደገማል ወይ?» እና «በስንት ሰዓት?»

እኛም በዚያው ሰሞን አንድ ፖስት ለጠፍን። «ትንንሾቹ ቶሎ ቶሎ መምጣታቸው ጥሩ ነው፤ የታመቀውን ጉልበት ቀስ በቀስ እያስተነፈሱት ነው» የሚል። ከየት እንዳመጣነው አሁን በደንብ አናስታውስም። ግማሹን የሆነ ቦታ ሰምተነው፣ ግማሹን እንዲሆንልን ተመኝተነው ይመስለናል። ሰው ወደደው፣ ሼር አደረገው፣ እኛም ሰው አረጋጋን ብለን ደስ አለን። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ የካቲት 7 አርብ ምሽት፣ 6.0 መጣ። በዚያ ወቅት ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ፖስት እርማት ነው። ዘግይቷል፣ እናውቃለን። ግን ያንን ፖስት አሁንም ስክሪንሾት አድርጎ የሚልክልን ሰው ስላለ፣ ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ቁጭ ብለን አጥንተን እንጽፈው አልን። ስናጠናው ደግሞ ነገርየው ካሰብነው በላይ ደስ የሚል ሆኖ አገኘነው።

ከቁጥር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1944 ቤኖ ጉተንበርግ እና ቻርልስ ሪክተር የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች የካሊፎርኒያን መንቀጥቀጦች በመጠን በመጠን እየለዩ ቆጠሩ። (አዎ፣ «ሬክተር ስኬል» የምንለው የዚህኛው ሰውዬ ስም ነው። ሳይንቲስቶቹ ዛሬ የሚጠቀሙት ሌላ ስሌት ቢሆንም ስሙ ከአፋችን አልወጣም።) ያገኙት ነገር እስከ ዛሬ ከዓለም ጫፍ እስከ ጫፍ ይሠራል። በአንድ አካባቢ መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ አንድ መንቀጥቀጥ ከተመዘገበ፣ ከ5 በላይ የሆኑ 10 ገደማ፣ ከ4 በላይ የሆኑ 100 ገደማ፣ ከ3 በላይ የሆኑ 1,000 ገደማ ታገኛለህ። አንድ ደረጃ በወረድክ ቁጥር ብዛቱ በ10 ይባዛል። እሳተ ገሞራ ባለበት አካባቢ የትንንሾቹ ድርሻ ከዚህም ከፍ ሊል ይችላል፤ መልኩ ግን ያው ነው።

እሺ፣ ምን ይደንቃል? የሚደንቀው «አማካይ» የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። የሰው ቁመት አማካይ አለው፤ አብዛኛው ሰው እዚያው አካባቢ ነው፣ አሥር ሜትር የሚረዝም ሰው የለም። መንቀጥቀጥ ግን ከቁመት ይልቅ የቲክቶክ ቪዲዮ እይታን ይመስላል። አብዛኛው ቪዲዮ 200 ሰው አይቶት ይሞታል፣ ጥቂቱ ሺዎች ጋ ይደርሳል፣ ከስንት አንዴ አንዱ ሚሊዮን ይገባል። ሚሊዮን የገባው ሲለጠፍ ከሌሎቹ የተለየ ምልክት አልነበረበትም። መንቀጥቀጥም እንደዚያው ነው። አለቱ መሰንጠቅ ሲጀምር ትንሽ ሆኖ ይቁም ወይም እየተያያዘ ይሩጥ ገና አልተወሰነም። ትልቁ መንቀጥቀጥ ከትንሹ የተለየ ፍጥረት አይደለም፤ ሳይቆም የቀረ ትንሽ መንቀጥቀጥ ነው።

ሲጠጉትም ሲርቁትም ያው መልክ ያለው ነገር ስም ወጥቶለታል፦ ፍራክታል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ቤኖዋ ማንደልብሮት የተባለ የሒሳብ ሊቅ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1967 «የብሪታንያ ጠረፍ ስንት ኪሎ ሜትር ይረዝማል?» ብሎ ጠይቆ፣ በአጭር መለኪያ በለካኸው ቁጥር እየረዘመ እንደሚሄድ አሳይቶ ነበር፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ጥምዝ ውስጥ ሌላ ትንሽ ጥምዝ አለ። የአፋርን ምድር በሳተላይት ምስል ተመልከቱት። ረጃጅም ስንጥቆች ጎን ለጎን ተደርድረው ታያላችሁ። ጠጋ ስትሉ በመሃላቸው አጫጭር ስንጥቆች አሉ፤ እግራችሁ ሥር ደግሞ ጣት የማያስገቡ ስንጥቆች፣ ያው አደራደር ይዘው። ጂኦሎጂስቶች የአለት ፎቶ ሲያነሱ አጠገቡ መዶሻ ወይም እስክሪብቶ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው፤ ካላስቀመጡ ስንጥቁ አንድ ሜትር ይሁን አንድ ኪሎ ሜትር ማንም አይለይም። በዚያ ሰሞን ከአዋሽ ፈንታሌ የተሰነጠቀ መሬት እየተባሉ ሲዘዋወሩ የነበሩትን ፎቶዎች አስታውሱ። ሰው ወይም መኪና በሌለበት ፎቶ ላይ ኮሜንቱ ሁሉ ስለ ስፋቱ ክርክር ነበር። ክርክሩ ተፈጥሯዊ ነው።

ጊዜውም እንደ ቦታው ነው። የመንቀጥቀጦቹን ሰዓት በአንድ መስመር ላይ በነጥብ ብናስቀምጠው እኩል ተራርቆ አይቀመጥም፤ ይከማቻል፣ ከዚያ ባዶ ይሆናል። አንዱን ክምችት ብናጎላው ውስጡ ሌላ ክምችትና ሌላ ባዶ አለ። መገናኛ ታክሲ የጠበቀ ሰው ይገባዋል፤ ግማሽ ሰዓት ምንም የለም፣ ከዚያ ሦስቱ አንዴ ይመጣሉ። ስለዚህ «አንድ ሳምንት ዝም ብሏል፣ አልፏል» የሚለው አባባል ብዙ አያስኬድም። ዝምታውም የዚያው መልክ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ስህተታችን። ብዛቱ በየደረጃው በ10 ይቀንሳል አልን። ጉልበቱ ግን በየደረጃው በ10 አይደለም የሚጨምረው፤ በ32 ገደማ ነው። ሁለት ደረጃ ሲሆን 1,000 እጥፍ። እንግዲህ ካልኩሌተር አውጡ። የአንድ 6.0 ጉልበት በትንንሽ እንዲወጣ ከተፈለገ 1,000 ያህል 4.0 ያስፈልጋል። ተፈጥሮ ግን ለአንድ 6 የምትሰጠው 100 ገደማ 4 ነው። መቶዎቹ ተደምረው የአንዱን 6 አንድ አሥረኛ ብቻ ያወጣሉ። ባለ 3ዎቹ ደግሞ 1,000 ሆነው እንኳ ተደምረው 3 በመቶ ያህል ቢሆኑ ነው። ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ትልልቆቹ ጋ ነው ያለው። በባልዲ ውኃ ከግድብ እየቀዱ ግድቡን ለማጉደል እንደመሞከር ነው።

መስከረም 26 ቀን 2017፣ እሁድ ማታ 2 ሰዓት አካባቢ አዲስ አበባን ያስደነገጠውና ብዙዎቻችን «የመጀመሪያው» ብለን የምናስታውሰው 4.9 ነበር። የካቲት ላይ የመጣው 6.0 ከሱ 45 እጥፍ ያህል ጉልበት ነበረው። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ በመሃል ሲያልፍ «እየተነፈሰ» ከነበረ፣ መጨረሻው ላይ እንዴት ትልቁ ይመጣል?

ይህን ስህተት የሠራነው እኛ ብቻ ብንሆን በቀልድ ባለፍነው። ጣሊያን ውስጥ ላኩዊላ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ለወራት በትንንሽ መንቀጥቀጥ ስትናጥ ቆየች። ሕዝቡ ተጨነቀ፤ መኪና ውስጥ የሚያድር ሁሉ ነበር። መጋቢት ወር ማብቂያ ላይ ሳይንቲስቶችና የሲቪል መከላከያ ባለሥልጣናት ተሰበሰቡ። ከባለሥልጣናቱ አንዱ ለቴሌቪዥን በሰጠው ቃል ትንንሾቹ ጉልበቱን እያወጡት ስለሆነ ሁኔታው ጥሩ ነው፣ ተረጋጉ የሚል ሐሳብ አስተላለፈ። ከሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ሌሊት፣ 6.3 መታ። 309 ሰው ሞተ። ከሟች ቤተሰቦች አንዳንዶቹ፣ ዘመዶቻችን እንደ ድሮው ልማድ ውጪ ማደር ትተው ቤት የገቡት ያንን ቃል አምነው ነው ብለው ፍርድ ቤት መሰከሩ። ስድስቱ ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣኑ በ2012 ስድስት ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2014 ይግባኝ ላይ ሳይንቲስቶቹ ነፃ ወጡ፣ የባለሥልጣኑ ቅጣት ግን ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አለ እንጂ አልተሰረዘም። ዓለም ላይ ወሬው የተሰራጨው «ሳይንቲስቶች መንቀጥቀጥ ባለመተንበያቸው ታሰሩ» ተብሎ ነው። ክሱ እሱ አልነበረም። ክሱ ያለ በቂ መሠረት ሰው አረጋጋችሁ የሚል ነበር። ይህን ስናነብ የራሳችንን ፖስት አስታወስን፤ ደስ አላለንም።

ታዲያ «አይተነፍስም፣ ትልቁ ሊመጣ ይችላል» ከሆነ ለምን ቀኑን አይነግሩንም? እዚህ ጋ ነው ሁለተኛው ቃል የሚመጣው፦ ኬዮስ። በተለምዶ ዝብርቅርቅ ማለት ይመስለናል፤ በሳይንስ ግን ሌላ ነው። ሕጉ ጥርት ብሎ እየታወቀ ውጤቱ ግን ከሩቅ የማይታወቅ ነገር ማለት ነው።

ኤድዋርድ ሎረንዝ የተባለ አሜሪካዊ የአየር ሁኔታ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ስሌት ሊደግም ፈልጎ 0.506127 የነበረውን ቁጥር 0.506 ብሎ አሳጥሮ አስገባው። ልዩነቱ ከምንም የማይቆጠር ነበር። ቡና ጠጥቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ የሰጠው የአየር ሁኔታ ፍጹም ሌላ ሆኖ አገኘው። በመሬት መንቀጥቀጥ በኩል ደግሞ እንዲህ አስቡት፦ ሁለት ከባድ ሳጥን ሻካራ ሲሚንቶ ወለል ላይ አለ፤ በስፕሪንግ ተያይዘዋል፤ እናንተ በላስቲክ ገመድ ቀስ ብላችሁ ሳታቋርጡ ትጎትታላችሁ። ላስቲኩ ይወጠራል፣ ይወጠራል፣ ከዚያ ሳጥኑ ድንገት ሸርተት ይላል። አንዳንዴ አንዱ ብቻ፣ አንዳንዴ ሁለቱም። እ.ኤ.አ. በ1967 በሪጅ እና ኖፖፍ ብዙ ሳጥን ደርድረው ይህን ሠርተው የመንቀጥቀጥ መልክ አገኙበት። በ1990 ሁዋንግ እና ተርኮት ሁለት ሳጥን ብቻ እንኳ ኬዮስ ለማምጣት እንደሚበቃ በስሌት አሳዩ። ሁለት ሳጥን! አፋር ሥር ያለው ስንጥቅ ብዛት ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም።

«የአየር ሁኔታም ኬዮስ ከሆነ ለምን የነገን ዝናብ ይነግሩናል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። አየሩን ስለሚያዩት ነው። ሳተላይት አለ፣ ባሉን አለ፣ በየከተማው መለኪያ አለ። ስለዚህ ስህተቱ እስኪያድግ ድረስ ጥቂት ቀን ያገኛሉ። መሬት ውስጥ ግን ማን ገብቶ ይለካል? ሰው እስከ ዛሬ የቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ሩሲያ ኮላ ላይ ያለው፣ 12 ኪሎ ሜትር ከሩብ ገደማ ነው፤ አፉም ከአንድ ስንዝር ብዙ አይሰፋም። እዚያ ታች የትኛው አለት ስንት ተወጥሯል የሚለውን ማንም አያውቅም።

አሜሪካኖቹ ሞክረውታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓርክፊልድ የምትባል መንደር በየ22 ዓመቱ ገደማ 6 አካባቢ ስለሚመታት፣ ቀጣዩ ከ1993 በፊት ይመጣል ብለው አካባቢውን በመሣሪያ ሞሉት። እሱ ግን የመጣው መስከረም 2004 ነው፤ ያ ሁሉ መሣሪያ ተደቅኖም የሚረባ ቅድመ ምልክት አልያዘም። ኮሜንት ላይ «ቻይናዎቹ ተንብየዋል» የምትሉን አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ በ1975 ሃይቼንግ ላይ ቀደም ብለው የታዩ ትንንሽ መንቀጥቀጦች ረድተዋቸው ሰው አስወጥተዋል። በዓመቱ ታንግሻን ላይ ግን እንደዚያ ያለ ምልክት አልመጣም፤ በመንግሥት ቁጥር ብቻ ከ240 ሺህ በላይ ሰው አለቀ።

ሳይንቲስቶቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ ይህንን መደበቅ የለብንም። በሳጥን ሞዴል ኬዮስ ታየ ማለት የእውነተኛው ምድር ሁሉ ነገር በዚያ ይገለጻል ማለት አይደለም። የተመዘገበው የመንቀጥቀጥ ታሪክም አጭር ነው። እኛ አገር ዘመናዊ ምዝገባ የተጀመረው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዛሬው መጠሪያው ከመሰጠቱ በፊት ነው። ካናዳዊው ፒየር ጉዋን ያቋቋሙት ጣቢያ ነበር፤ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው በ1979 በመጽሐፍ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ሥራው ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ቀጥሏል። ስድሳና ሰባ ዓመት ለእኛ ዕድሜ ልክ ነው፤ ለስምጥ ሸለቆው ግን የዓይን ጥቅሻ ነው።

የፈንታሌ ዶፈኑ ደግሞ ተራ መንቀጥቀጥ አልነበረም። ተራው ሲሆን አንድ ትልቅ ይመታል፣ ከዚያ ተከታዮቹ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ጃፓናዊው ኦሞሪ ይህን የመቀነስ ሕግ ያወጣው በ1894 ነው። የእኛው ግን መንጋ ነበር። በተራው ልማድ መቅደም የነበረበት ትልቁ የመጣው ከአራት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ምክንያቱ ከሥር ቅልጥ አለት መንቀሳቀሱ ነው። የሳተላይት ራዳር እንዳሳየው፣ ቅልጥ አለቱ በፈንታሌና በዶፈን መካከል እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አለቱን እየሰነጠቀ በአስር ኪሎ ሜትሮች ርቀት ተጉዟል። ታኅሣሥ 25 ዶፈን አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ሲፈነዳ ያየነው ቪዲዮ የዚህ ጎረቤት ነው። ቅልጥ አለት ግፊቱ ሲጨምር ይገፋል፣ ሲቀንስ ይቆማል፣ እንደገና ሊሞላ ይችላል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሰሜን አፋር ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ተከፍቶ፣ አንዳንድ ቦታ ስፋቱ 8 ሜትር ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2010 ድረስ ተጨማሪ ሰርጎ መግባቶች እየተከታተሉ መጡ። በ1961 ደግሞ ካራ ቆሬ አካባቢ ለወራት የዘለቀ መንጋ ማጀቴን አፍርሷታል፤ እሱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

(ኅዳር 14 ቀን 2018 ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ሕንድ ሲደርስ «አልናችሁም!» ያላችሁን አንብበናል። ሃይሊ ጉቢ ከፈንታሌ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሁለቱም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆኑ ዘመድ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ቀሰቀሰው ለማለት ግን ማስረጃ ይጠይቃል።)

ስልካችሁ ላይ ስላለው አፕ አንድ ነገር እንበል። የአሜሪካና የአውሮፓ ተቋማት ከኢትዮጵያ በአብዛኛው የሚዘረዝሩት ከ4 በላይ ወይም እዚያ አካባቢ የሆነውን ነው፤ ትንንሹን ለመያዝ ጣቢያ ቅርብ መሆን አለበት። በጉተንበርግና ሪክተር ሒሳብ ከሄድን፣ አፑ ላይ ላያችሁት ለእያንዳንዱ ባለ 4፣ ያላያችሁት 10 ባለ 3 እና 100 ባለ 2 አለ። ስለዚህ «ዛሬ ምንም የለም» የሚለው ስክሪን «ዛሬ አፑ የሚይዘው መጠን አልመጣም» ማለት ብቻ ነው። «ጥልቀት 10 ኪሎ ሜትር» የሚለውም ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ በትክክል ሳይታወቅ ሲቀር የሚሞላ ቁጥር ነው። አንዱ ተቋም 5.7፣ ሌላው 5.8 ማለታቸውም ውሸት አይደለም፤ የተለያየ ጣቢያ፣ የተለያየ ስሌት ነው።

ታዲያ ምን ይቻላል? ዕድል ማስላት ይቻላል። የፍራክታል ሕጉ ሰዓት አይሰጥም፣ ዕድል ግን ይሰጣል። የካሊፎርኒያ የብዙ ዓመት መዝገብ እንደሚያሳየው አንድ መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ በቀጣዮቹ ቀናት ከሱ የሚበልጥ የመምጣቱ ዕድል ከ100 ወደ 5 ገደማ ነው። 95 ጊዜ «አይመጣም» ያለ ሰው ልክ ይሆናል፤ ላኩዊላ ከአምስቱ አንዷ ነበረች። የመንጋ ዕድል ደግሞ ከዚህ ሊለይ ስለሚችል የካሊፎርኒያውን ቁጥር ገልብጠን አፋር ላይ አንለጥፍም። ኒው ዚላንድና አሜሪካ ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ ለሕዝቡ «በሚቀጥለው ሳምንት ከዚህ መጠን በላይ የመምጣት ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ብለው በግልጽ ያወጣሉ። እኛም አገር እንዲህ ያለ መግለጫ ቢወጣ፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ቤታቸውን ጥለው ለወጡት በአስር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ከማንም በላይ ይጠቅም ነበር። «ከብቶቼን ይዤ መቼ ልመለስ?» ለሚል አርብቶ አደር «ተረጋጋ»ም «ሽሽ»ም መልስ አይሆንም።

ሌላው የሚቻለው ቤቱ ነው። የሚመጣበት ሰዓት ባይታወቅም የሚወድቀው ሕንፃ ዓይነት ከወዲሁ ይታወቃል፦ ታችኛው ፎቅ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ የሌለውና ቀጫጭን ኮለን ላይ የቆመው፣ ያለ ፈቃድ ፎቅ የተጨመረበት፣ ብሎኬቱ ከኮለኑ ጋር በደንብ ያልተያያዘው። ኢትዮጵያ የመንቀጥቀጥ ኮድ አላት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ2015 ተሻሽሏል። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ የምትኖሩ ለኮሚቴያችሁ ወይም ለባለቤቱ «ይህ ሕንፃ በየትኛው ኮድ ነው የተሠራው?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ዛሬ ማታ ደግሞ አልጋችሁ ራስጌ ያለውን ቁም ሳጥን ከግድግዳው ጋር እሰሩት፤ የጋዝ ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ሲንቀጠቀጥ ሊፍት አትግቡ።

የድሮውን ፖስት አላጠፋነውም፤ ላዩ ላይ «ስህተት ነው» ብለን የዚህን ጽሑፍ ሊንክ አስቀምጠንበታል። ስክሪንሾቱ ያላችሁ፣ በቤተሰብ ግሩፕ የላካችሁ፣ እባካችሁ እርማቱንም እዚያው ላኩልን። ቀጣዩ ሲመጣ መጠኑን፣ ቦታውን፣ የትኛው ተቋም እንደመዘገበው እንለጥፋለን። ሰዓት ቆርጦ «ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ይመታል» የሚል መልእክት ደርሷችሁ «እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁን መልሳችን አንድ ነው፦ አይደለም፤ ማን እንደላከላችሁ ግን ንገሩን።